ሕመም እንደ ጠባይ ሲተረጐም፤ የኦቲዝም ሕፃናት የሆድ ሕመም የታወቀበት ታሪክ

1. መግቢያ

ኦቲዝም ያለበት ሕፃን ብዙ ጊዜ የሚሰማውን ሥቃይ በቃል አይገልጽም። ሆዱን ሲቆርጠው እንደ ሌላው ልጅ ወደ መምህሩ ቀርቦ «አመመኝ» በማለት ፈንታ ይጮኽ፣ ራሱን ይመታ፣ ወይም ከመቀመጫው ተነሥቶ ይሮጥ ይሆናል። ስለዚህ ሕመሙ መታወቁ የሚወሰነው ተመልካቹ ያየውን በሚተረጕምበት መንገድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትርጓሜ ከ1943 ወዲህ እንዴት እንደ ተለወጠና ለትምህርት ቤት ምን እንደሚያስገነዝብ ማመልከት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. የመጀመሪያው ምስክርነት

በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበሩት ሊዮ ካነር በ1943 የ11 ልጆችን ታሪክ አሳተሙ። ኦቲዝም ራሱን የቻለ ሁኔታ ሆኖ በሰፊው የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ካነር ከ11ዱ መካከል ስድስቱ ከተወለዱ ጀምሮ ብርቱ የአመጋገብ ችግር እንደ ነበረባቸው መዝግበዋል። ከእነዚህም አንዱን በመጀመሪያው ዓመት አብዝቶ ያስመልሰው ነበር፤ አንዲቱም እስከ አንድ ዓመቷ በቱቦ ትመገብ ነበር። ይሁን እንጂ የካነር ማብራሪያ ከሆድ አልተነሣም። ምግብ ከውጭው ዓለም ወደ ሕፃኑ የሚደርስ የመጀመሪያው ባዕድ ነገር ስለ ሆነ፣ ሕፃኑ ብቸኝነቱን ለመጠበቅ ሲል ይገፋዋል የሚል ነበር። ማስረጃው ተመዘገበ፤ ትርጓሜው ግን ወደ ጠባይ አዘነበለ።

በተከታዮቹ ዓመታት የኦቲዝምን መንሥኤ በእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ላይ የሚጥለው አስተሳሰብ ተስፋፋ። በ1964 የሥነ ልቦና ሊቁ በርናርድ ሪምላንድ መንሥኤው አካላዊ መሆኑን በመጽሐፋቸው ቢከራከሩም፣ የልጁ አካል ተገቢውን ትኩረት ያገኘው ዘግይቶ ነው።

3. ሐሰትና እውነት በአንድ ዘመን

በ1998 ዘ ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት በ12 ልጆች ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉ የአንጀት ብግነትን፣ ኦቲዝምንና የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላን ጥምር ክትባት አያይዞ ያቀረበ ነበር። ግንኙነቱ በኋላ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች አልተረጋገጠም፤ መጽሔቱም በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ጉዳቱ ግን ብዙ ወላጆች ክትባትን እንዲፈሩ በማድረግ ብቻ አልተወሰነም፤ የእነዚህን ልጆች ሆድ የሚመለከት ጥያቄ ሁሉ በጥርጣሬ እንዲታይም አደረገ።

በአንጻሩ በ1999 በአሜሪካ የሜሪላንድ ሐኪሞች፣ የሆድ ሕመም ምልክት ታይቶባቸው የመጡ 36 የኦቲዝም ልጆችን ሲመረምሩ፣ በ25ቱ ላይ ከጨጓራ አሲድ መመለስ የመጣ የምግብ ቧንቧ ብግነት አገኙ። በ2010 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የወጣው የባለሙያዎች የጋራ ሰነድ ደግሞ፣ መናገር በማይችል ልጅ ላይ የጠባይ መለወጥ የሆድ ሕመሙ ዋና፣ አንዳንዴም ብቸኛ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። በ2014 በዚያው መጽሔት የታተመ የ15 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ የሆድ ሕመም ምልክቶች በእነዚህ ልጆች ላይ ከአራት እጥፍ በላይ እንደሚያይሉ አሳየ፤ ጐልተው የታዩትም የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ናቸው።

4. ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት

ከላይ የተጠቀሰው የ2010 ሰነድ ከዘረዘራቸው ምልክቶች መካከል ሆድን በእጅ ወይም በጠረጴዛ ጠርዝ መጫን፣ ጉሮሮን ደጋግሞ መጥረግ፣ የማይበላ ነገር ማኘክ፣ ያለ ግልጽ ምክንያት ማልቀስ፣ ራስን መጕዳትና እንቅልፍ ማጣት ይገኛሉ። በተለይም ብርቱ የሆድ ድርቀት ያለበት ልጅ ቀጭን ሰገራ ሳያውቀው ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ልብሱን ማቆሸሹ እንደ ስንፍና ወይም እንደ እልኸኝነት ተቈጥሮ የሚቀጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው ቅጣት ሕመሙን አያስታግሥም፤ ልጁ መጸዳጃ ቤትን ይበልጥ እንዲፈራና ሰገራውን እንዲይዝ ያደርገዋል እንጂ።

መምህር ሐኪም አይደለም፤ ለልጁ መድኃኒት ሊያዝም ሆነ ምግብ ሊከለክል አይገባውም። ነገር ግን ጠባዩ የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት፣ ከምግብ በፊት ወይም በኋላ መሆኑን መዝግቦ ለወላጅ ቢያስረክብ፣ ለሐኪሙ ታላቅ እርዳታ ነው። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ጸጥ ያለና ንጹሕ መጸዳጃ ቤትን፣ በቂ የመጠጥ ውኃንና ለዚህ የሚሆን ጊዜን ከትምህርቱ መሣሪያዎች እኩል ሊቈጥሯቸው ይገባል። የካነር መዝገብ እንደሚያስተምረው፣ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ ጠባዩ ከመታረሙ በፊት ሕመም እንዳለ መጠየቅ አለበት።