የታላቁ ደም ቅዳ ነገር

አልበርት አንስታይን በምን እንደሞተ ስንቶቻችን እናውቃለን? ከልብ ተነስቶ በሆድ ውስጥ ቁልቁል የሚወርደው ታላቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ አብጦበት ነበር። ያረጀ ከመነዳሪ በሳሳበት በኩል እንደሚነፋ ሁሉ አኦርታም ግድግዳው ሲደክም ይነፋል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሐኪም እብጠቱን በሴሎፋን ጠቀለለለት። አዎን፣ ከረሜላ በሚጠቀለልበት በዚያው ሴሎፋን! አንስታይን ከዚያ በኋላ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ። በ1955 እብጠቱ ሲፈነዳ ግን ቀዶ ሕክምናውን እምቢ ብሎ አረፈ።

ሆድ ቀዶ ያበጠውን ቧንቧ መቀየር በ1951 ፓሪስ ላይ በሻርል ዱቦ እጅ ተሳክቶ ነበር። ችግሩ፣ ሽማግሌ ይህን ሁሉ የሚችልበት አቅም ከየት ያመጣል? ሁዋን ፓሮዲ በ1990 ቦነስ አይረስ ላይ መላ አመጣ፤ በብሽሽት ደም ቅዳ በኩል የታጠፈ የጨርቅ ቧንቧ አስገብቶ እብጠቱ ውስጥ ዘረጋው። ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ኒኮላይ ቮሎዶስ በካርኪቭ ከተማ ተመሳሳዩን በደረት አኦርታ ላይ ሠርቶ ነበር። የጻፈው በሩሲያኛ ስለሆነ ምዕራባውያን ለዓመታት ልብ አላሉትም። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶቻችን ሶቪየት ኅብረት ይማሩ ነበር፤ ወሬውን ከምዕራቡ ቀድሞ የሰማ ይኖር ይሆን? እያልኩ አስባለሁ።

አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ እብጠቱ በመፈንዳት ፋንታ በረጋ ደም ይደፈናል። ያን ጊዜ ሁለቱም እግሮች በአንድ ጊዜ ይነጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ፣ የብሽሽት ትርታ ይጠፋል። ሐኪሞች የደም ማቅጠኛ ሄፓሪን ይሰጣሉ፤ ከዚያ ወይ ለደሙ በሌላ ቧንቧ ተለዋጭ መንገድ ያበጃሉ፣ ወይም በቀጭን ሽቦ የረጋውን አልፈው ከውስጥ ይከፍቱታል። ጡንቻው መሞት ለመጀመር ስድስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

አሁን አሶሳ ላይ ሆነን እንቁጠር። አዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ባምባሲ፣ መንዲ፣ ጊምቢ፣ ነቀምት፣ አምቦ። ያን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ስድስት ሰዓት የት እንደሚያደርስ ያውቃል። አውሮፕላን አለ፤ ግን የሚነሳው በፕሮግራሙ እንጂ የበሽተኛው እግር በቀዘቀዘበት ሰዓት አይደለም።

ስለዚህ ለአሶሳ ሰው ዋናው ነገር ቀድሞ ማወቁ ነው። ይህ እብጠት በብዛት የሚገኘው ሲጋራ ባጨሱና 65 ዓመት ባለፋቸው ወንዶች ላይ ነው፤ እስከ መጨረሻው ሕመም ላይሰማቸው ይችላል። ጽንስ የሚታይበት አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ጤነኛው አኦርታ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ 3 ሲደርስ አብጧል ይባላል፤ በወንድ 5.5 ሲሞላ ሐኪሞች የጥገናን ነገር ያነሳሉ።