የጉለሌው «ፓስተር» እና በውሻ የተነከሰ ልጅ

በጉለሌ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተቋቋመው የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የዚያ ተቋም ወራሽ ነው።

ስሙ የአንድ ልጅንም ታሪክ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1885 አንዲት የአልዛስ እናት ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጇን ዮሴፍ ማይስተርን ይዛ በ2ኛው ቀን ፓሪስ፣ ሉዊ ፓስተር ዘንድ ደረሰች። ልጁ 13 ጊዜ ተከትቦ ከሞት ተረፈ።

የጉለሌው ተቋምም ከእንስሳት አንጎል የሚዘጋጀውን የፌርሚ ክትባት ለአሥርተ ዓመታት አምርቷል። ክትባቱ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ የሚሰጥ ከመሆኑም በላይ አልፎ አልፎ ነርቭን ይጎዳ ነበር። በሕዋስ ባህል የሚዘጋጀው አዲሱ ክትባት ግን በጥቂት ዙር በክንድ፣ ለሕፃናት በጭን ይሰጣል። ስለዚህ የቀድሞው መርፌ ትዝታ ወላጅን ሊያዘገይ አይገባም።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ልጅ ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ወላጅ ሳይቆጣ ሊጠይቀው ይገባል። ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ሊወስደው ያስፈልጋል።

ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው። ምልክት ሳይታይ ዘግይቶ የመጣ ልጅ ግን ክትባቱን ሊያገኝ ይገባል፤ «ጊዜው አልፏል» ብሎ መመለስ ከባለሙያ አይጠበቅም።