የሰኮና ታሪክ የወለል ታሪክ ነው

የወተት ላም ስታነክስ ጥፋቱን ወደ ላሟ ማዞር ይቀናናል። ዝርያዋ ስስ ነው፣ ሰኮናዋ አጉል አድጓል፣ ጡቷ ከብዷታል እንላለን። የሰኮና ክርከማ ታሪክ የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው፤ ሰው የከብትን ሰኮና አብዝቶ መንከባከብ የያዘው ከብቱን ጠንካራ ወለል ላይ ባቆመው ጊዜ ነው። በአውሮፓ ከወተት ላም ቀድሞ የአንጥረኛ እጅ ያረፈበት በሬ ነበር። ጋሪ እየጎተተ በድንጋይ መንገድ የሚውል በሬ ሰኮናው ስለሚያልቅ እንደ ፈረስ ብረት ይመታለት ነበር። ሰኮናው ስንጥቅ በመሆኑ ለአንድ እግር ሁለት ብረት ያሻዋል፤ በሦስት እግሩ ጸንቶ መቆም ስለማይሆንለትም በእንጨት ማቀፊያ ውስጥ ሆዱ በጠፍር ተደግፎ ይሠራለታል። በመስክ የምትውል ላም ግን ይህን ሁሉ አላስፈለጋትም። ሰኮናዋ በወር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፣ ስትሄድም ይፋቃል፤ አፈሩ ደግሞ ለእግሯ ስለሚረግብ ክብደቷን ይቀበልላታል።

ይህ ሚዛን ጎልቶ የተናጋበት አንዱ አገር ኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ላሞች ታስረው የሚከርሙባቸው ጠባብ በረቶች ቀርተው፣ ላሞች ሳይታሰሩ የሚንቀሳቀሱባቸው፣ በመደዳ የተከፈሉ መኝታዎች ያሏቸው ሰፋፊ በረቶች ተስፋፉ። ጉልበት ቆጠቡ፤ ወለላቸው ግን ሲሚንቶ ነበር። ሲሚንቶ አይረግብም፤ በላዩ የሚተኛው እበትና ሽንት ደግሞ ሰኮናን ያለሰልሳል። በኋላ እግር ላይ ከሁለቱ የሰኮና ክፋዮች የውጭኛው ብዙ ሸክም ስለሚወድቅበት አብዝቶ ያድጋል፣ ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር ሸክሙ ይብስበታል፤ በመጨረሻም ውስጥ ያለው አጥንት ሕያውን ሥጋ ጨቁኖ ያቆስለዋል። የኡትሬኽት ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪም ቱሳን ራቨን ክርከማን ከልማድ ወደ ዘዴ የለወጠው ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ዘዴው ከአገሩ ውጭም ተስፋፋ። ከርካሚው መጀመሪያ ጤነኛውን የውስጠኛ ክፋይ ይይዛል፤ የፊት ግድግዳውን 7.5 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይቆርጣል፣ ተረከዙን ግን ይቆጥባል። ከዚያ የውጭኛውን ዝቅ አድርጎ ከእሱ ጋር ያስተካክላል። እየፋቀ መርገጫውን በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ከጣቱ ሥር ከረገበለት ያቆማል፣ ከዚያ በታች ያለው ሕያው ሥጋ ነውና።

ሲሚንቶ ሳይስፋፋም ቁስሉ ነበር የሚል ሰው እውነት አለው። የስዊዘርላንዱ ሩስተርሆልዝ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የመርገጫ ቁስል የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ግን በዚያ ዘመን የስዊስ ላም ክረምቱን የምታሳልፈው በጠንካራ ወለል ላይ ታስራ ነበር፤ ማስረጃው ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያጸናዋል። ይበልጥ የሚከብደው ተቃውሞ ከተላላፊ በሽታ በኩል የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ኬሊና ሞርቴላሮ በጣሊያን የገለጹት፣ ተረከዝ አካባቢ የሚወጣው ቀይ ቁስል ከጀርም የመጣ ነው፤ ቢላ አይከላከለውም። ነገር ግን ጀርሙ መግቢያ የሚያገኘው ቆዳው በእበት ሲርስና ሲላላ ነው። ስለዚህ እዚህም ወለሉ ከተጠያቂነት አያመልጥም። መኖና የወሊድ ጊዜ የሰኮናን ውስጥ ማዳከማቸውም እውነት ነው፤ ሆኖም የደከመ እግር ሣር ላይ የሚገጥመውና ሲሚንቶ ላይ የሚገጥመው እኩል አይደለም።

ታዲያ ጥፋቱ የወለል ከሆነ ክርከማ ምን ይፈይዳል? ብዙ ይፈይዳል፤ የተዛባን ሸክም ያስተካክላል፣ ገና ያልታየ ቁስልን ቀድሞ ያወጣል። ሥሩን ግን አይነቅልም፤ ያለ ማስተዋል ከተሠራም ራሱ ያቆስላል። 7.5 ሴንቲ ሜትር የወጣው ለዚያ ዘመን የኔዘርላንድስ ላም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለገዘፈችው ሆልስታይን ልኩ ሊያጥርባት፣ መርገጫዋም ሊሳሳባት ይችላል። ቁጥሩን ይዞ ምክንያቱን የረሳ ከርካሚ ላሟን በገዛ እጁ ያስነክሳታል።

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ዙሪያ የፍሪዢያን ዲቃላ ላሞች በጠባብ ግቢ፣ በሲሚንቶ ወይም በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲታለቡ ይኖራሉ። ዝርያው መጣ፣ ሲሚንቶውም መጣ፤ እግሩን የሚጠብቀው እውቀት ግን በዚያው ልክ አልተስፋፋም። የሠለጠኑ ከርካሚዎች ያስፈልጉናል፤ ይህ የሚታለፍ አይደለም። ላም ግን ከቀኑና ከሌሊቱ ግማሽ ያህሉን ተኝታ ማሳለፍ ትፈልጋለች፤ በተኛችበት ሰዓት ሁሉ እግሯ ከሸክም ያርፋል። ደረቅ ጭድ የተነጠፈለት መኝታና በየዕለቱ የሚጠረግ እበት ለማንም ባለ አንድ ላም የሚቻሉ ናቸው። ቢላው የሚያርመውን ጉዳት ገና ከመነሻው የሚያስቀሩትም እነሱ ናቸው።