የጥንቱ ብርሃን መንገድ

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የሚማር ደቀ መዝሙር ወንበርን፣ አበቅቴንና መጥቅዕን አስልቶ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ያወጣል። የስሌቱ መነሻ የዓለም ፍጥረት ነው፤ በዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ስለዚህም ዓለም ከተጀመረ ስንት ዘመን ሆነው የሚለው ጥያቄ ለፈረስ ቤትና ለአካባቢው ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዘመን የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለብርሃን አቀረቡት።

ቤልጂጋዊው ካህን ዦርዥ ለሜትር እ.ኤ.አ. በ1927፣ አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል ደግሞ በ1929 ጋላክሲዎች በራቁ መጠን በበለጠ ፍጥነት እንደሚሸሹ አሳዩ። ከዚህ የተገኘው መደምደሚያ ጠፈር ራሱ ይሰፋል የሚል ነው። ጠፈር ሲሰፋ በውስጡ የሚጓዘው የብርሃን ሞገድ አብሮ ይለጠጣል፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። ነገሩ ከፈረስ ቤት ወደ ፍኖተ ሰላም የተነሣ መንገደኛ ርምጃውን ሳያዘገይ መንገዱ እየረዘመበት እንደሚመሽበት ያህል ነው።

ከሁሉ የረዘመውን መንገድ የተጓዘው ብርሃን የተለቀቀው ጽንፈ ዓለም በተጀመረ በ380,000 ዓመት ገደማ፣ ሙቀቱ ወደ 3,000 ኬልቪን ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ከእኛ ስፍራ የነበረው ርቀት 42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ለመድረስ ግን 13.8 ቢሊዮን ዓመት ፈጀበት። ሞገዱ 1,100 ጊዜ ያህል ስለተለጠጠ ለዓይን አይታይም። አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ጀርሲ ያገኙት ከሰማይ ሁሉ እኩል ወደ አንቴናቸው የሚገባ የራዲዮ ሹክሹክታ ሆኖ ነው። ሙቀቱ ዛሬ 2.7 ኬልቪን ነው። ሁለቱም በ1978 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተመሠረተ በኋላ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዙ ሁለት ቴሌስኮፖች በእንጦጦ ተራራ ላይ ተተከሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ያን የራዲዮ ሹክሹክታ ባይሰሙም ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣውን ደካማ ብርሃን ይቀበላሉ። ሆኖም የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ስለሚያደበዝዘው፣ የተሻለ ስፍራ ለማግኘት በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ጥናት ተደርጓል።

ብዙ ዘመን የተጓዘ ብርሃን በመጨረሻዋ ቅጽበት በመንገድ መብራት ቢሸፈን ጉዳቱ የመንገደኛው ሳይሆን የተቀባዩ ነው። መብራት ወደየገጠሩ መድረሱ የሚያስደስት ልማት ነው፤ መብራቱ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ምድር እንዲያበራ ማድረግ ግን የመሐንዲሱ ፈንታ ነው። የደጋው ሌሊት ጨለማ ለመጪው ትውልድ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነውና።