በደረቁ መላጨት

ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት በመቶዎች የሚቆጠሩ ጄኔራሎችንና አድሚራሎችን ከየዓለሙ ዳርቻ ጠርተው ቨርጂኒያ ኳንቲኮ ላይ ሰብስበው ነበር። ከተናገሯቸው ነገሮች አንዱ ስለ ጺም ነው። የጺም ጊዜ አብቅቷል የሚል ነበር መልእክቱ። ከዚያ ቀደም ብሎ በኦገስት በወጣው መመሪያ ደግሞ፣ በቆዳ ችግር ምክንያት በሐኪም ፈቃድ የማይላጭ ወታደር ከ1 ዓመት በላይ ታክሞም ፈቃዱ ካስፈለገው፣ አዛዡ ከሠራዊቱ ስለማሰናበት እንዲያስብበት ታዟል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲሰሙት የደንብ ልብስ ጉዳይ ይመስላል። ግን ያ የቆዳ ችግር በብዛት የሚያጠቃው ጸጉሩ የተጠቀለለ ሰውን ነው፤ በአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ይህ ማለት በአብዛኛው ጥቁር ወታደር ማለት ነው። ከእኛ ሀገር ሄደው ያንን ዩኒፎርም የለበሱ ልጆችም አሉበት። በዚህ ክርክር መሃል ደግሞ ሁልጊዜ ብቅ የምትል ሐሳብ አለች፦ በሥርዓቱ ተዘጋጅተው ቢላጩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ ከመላጨት በፊት የሚቀባ ስንት ክሬም፣ ስንት ዘይት በገበያው ሞልቶ የለም ወይ የምትል።

ይህችን ሐሳብ አቅልለን ማለፍ የለብንም። እውነት ከሆነች ጥፋቱ የወታደሩ ነው፤ ሰነፍ ነው። ሐሰት ከሆነች ግን ሰውየው የሚባረረው አብሮት በተወለደው ጸጉር ነው። ለመሆኑ ከመላጨት በፊት የሚቀባው ነገር ይሠራል? መልሱን ለማግኘት ጠርሙሶቹ ከየት እንደመጡ ማየት ይጠቅማል። እኔ እንደማየው አብዛኞቹን የወለዳቸው ከሐኪም ቤት ይልቅ የገበያ ታሪክ ነው።

በአማርኛ በግላጭ የተታለለ ሰው «በደረቁ ላጩኝ» ይላል። አባባሉ ትክክለኛ ሳይንስ አለበት። ደረቅ የጺም ጸጉርን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ጉልበት እኩል ውፍረት ካለው የመዳብ ሽቦ ጋር ይቀራረባል ይባላል። 2020 ላይ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጸጉር ከምላጭ ብረት 50 ጊዜ ያህል የለሰለሰ ሆኖ ሳለ የምላጩን ስለት መሸረፍ እንደሚችል አሳይተዋል። የምላጭ ዕድሜ ለምን አጭር እንደሆነ የሚገርመው ሰው ካለ መልሱ በከፊል ይኸው ነው።

ይህንን ጠንካራ ነገር የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። ጸጉር የተሠራበት ኬራቲን የሚባለው ፕሮቲን ውሃ ሲገባው ውስጡን አጥብቀው ከያዙት ማሰሪያዎች አንዳንዶቹ ይላላሉ፤ ጸጉሩ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥ የሚፈልገው ጉልበትም በጣም ይቀንሳል። ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ለብ ባለ ውሃ 2 ወይም 3 ደቂቃ ያህል። 1937 ላይ ሆላንደርና ካስልማን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ጥሩ መላጨት በምን በምን እንደሚወሰን ጽፈው ነበር፤ ዋናው ጉዳይ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። ውሃ፣ ሙቀት፣ ትዕግሥት። ሳሙናው የሚያግዘው የፊትን ወዝ አጥቦ ለውሃው መንገድ በመክፈት፣ ውሃው ቶሎ እንዳይደርቅ በማድረግና ምላጩን በማንሸራተት ነው። ዘይት ደግሞ ያንሸራትታል እንጂ የጸጉሩን ውስጥ አያለሰልስም። እንዲያውም ያልታጠበ ደረቅ ፊት ላይ ዘይት የሚቀባ ሰው በውሃውና በጸጉሩ መካከል ግድግዳ ያቆማል። ዘይት የሚወድ ካለ መጀመሪያ በደንብ ታጥቦ ከዚያ ይቀባ።

የድሮ ጸጉር አስተካካዮች ይህንን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁት ነበር። ትኩስ ፎጣ፣ በቡሩሽ የሚመታ አረፋ፣ እስኪለሰልስ ድረስ የሰፈር ወሬ። ወሬው ራሱ የሥራው አካል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም፤ ደቂቃዎቹን የሚሞላው እሱ ነው። ፈረንሳዊው ቢላ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ ሰው ራሱን በራሱ እንዲላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1769 ያሳተመ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ አብዛኛው ሰው ጉሮሮውን ለባለሙያ አምኖ መስጠቱን ቀጥሏል።

ለውጡ የመጣው በኪንግ ጂሌት ነው። በ1903 ኩባንያው የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። ማን ይገዛዋል የተባለ ዕቃ። በሚቀጥለው ዓመት ፓተንቱ ተሰጠ፤ ሽያጩም በአስር ሺዎች ገባ። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የመርዝ ጋዝ ጭንብል ፊት ላይ ግጥም ብሎ እንዲቀመጥ ፊቱ መላጨት ነበረበት፤ የአሜሪካ መንግሥት 3.5 ሚሊዮን የጂሌት መላጫ አዝዞ ለወታደሮቹ አደለ። ልጆቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ መላጫውንም ልማዱንም ይዘው ገቡ። ዛሬ ኳንቲኮ ላይ የሚነሣው የጺም ሕግ ሥሩ ይህ ጭንብል ነው፤ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ምክንያትም ይኸው ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ምላጩ ከጸጉር ቤት ወደ ቤት ገባ። ትኩሱ ፎጣና ደቂቃዎቹ ግን እዚያው ቀሩ። ሥራ የረፈደበት ሰው መስታወት ፊት ቆሞ ፊቱን አንዴ አርጥቦ መላጨት ጀመረ። ገበያውም ይህንን ጥድፊያ ተከትሎ ዝግጅቱን ይበልጥ አሳጠረው፦ በ1919 ባርባሶል፣ በ1925 በርማ ሼቭ፣ ሁለቱም ቡሩሽና አረፋ የማይፈልጉ ክሬሞች ናቸው። በርማ ሼቭማ በየአውራ ጎዳናው ዳር በተከታታይ በሚተከሉ ትንንሽ ሰሌዳዎች ላይ ግጥም እየጻፈ እስከ 1963 ድረስ የአሜሪካን ሾፌር ሲያስቅ ኖሯል። ፊት ግን አልሳቀም፤ ቀላ፣ ተቃጠለ። ያኔ ያሳጠሩትን ዝግጅት በሌላ ዕቃ አሽገው መልሰው መሸጥ ሆነ። የፍሎረንሱ የማርቴሊ ኩባንያ የሚያመርተው አረንጓዴው ፕሮራሶ ከእነዚህ ዝነኛው ነው፤ ባሕር ዛፍና ሜንቶል አለበት። መዓዛው ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ቅዝቃዜው ግን ሜንቶል የብርድ ነርቮችን ስለሚነካ የሚሰማ ስሜት ነው፤ ጸጉሩ ላይ ያመጣው ለውጥ አይደለም። በክሬሙ ተሻለኝ የሚል ሰው አይዋሽም፤ ግን ክሬሙን ለመቀባት ሲል ፊቱን ታጥቦ፣ አሽቶ፣ ጠብቆ ነው። ያንን ጊዜ ያለ ክሬሙም ቢጠብቀው ብዙው ጥቅም ያው ነው።

ኤሌክትሪኩ ጋ ስንመጣ ታሪኩ ይገለበጣል። ሌተናንት ኮሎኔል ጄኮብ ሺክ ሳሙናና ውሃ የማይፈልግ መላጫ ሠርተው በ1931 በ25 ዶላር ለገበያ አቀረቡ። በዚያ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን 25 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም፤ ሆኖም መላጫው ተስፋፋ። ሬሚንግተን ተከተለ፤ በ1939 የኔዘርላንዱ ፊሊፕስ የሚሽከረከረውን አመጣ። ለሳሙና ሠሪ ይህ መርዶ ነው። በኮነቲከት ከ1840 ጀምሮ የመላጫ ሳሙና ያመርት የነበረው የዊሊያምስ ኩባንያ ምን አደረገ? ለኤሌክትሪክ መላጫ ተብሎ ፊት ላይ የሚቀባ ፈሳሽ አወጣ፤ ሌክትሪክ ሼቭ ይባላል። ውሃ አያስፈልግም ተብሎ የተሸጠ መላጫ፣ በሳሙና ሻጩ በኩል የሚቀባ ነገር አስፈለገው!

ማላገጤ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ከጠርሙሶቹ ሁሉ በሚገባ ምክንያት የሚሠራው ይኸኛው ነው። የኤሌክትሪክ መላጫ የሚፈልገው ከምላጭ ተቃራኒውን ነው። ጸጉሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ በስስ ወንፊቱ ቀዳዳ መግባት አለበት፤ ውሃ የጠጣ ጸጉር ይተኛል። ቆዳውም በላብ ከረጠበ ወንፊቱ ይይዘዋል፣ ይጎትተዋል። ፈሳሹ በአልኮሉ እርጥበትና ወዝ አንሥቶ ይተናል፤ ጥቂት የሚያንሸራትት ቅባት ትቶ ይሄዳል። የታልክ ዱቄትም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በበጋ ዱባይ ወይም ጅዳ ላይ በላብ ተነክሮ ከሥራ የሚገባ ወንድማችን ልዩነቱን ያየዋል። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ በደንብ ያደረቀ ሰው ግን ብዙ የሚያተርፍ አይመስለኝም። የተቆጣ ቆዳ ላይ ደግሞ አልኮሉ እሳት ነው። በውሃም በደረቅም የሚሠሩ አዲሶቹ መላጫዎች አሉ፤ እነሱ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ለምላጭም ለኤሌክትሪክም እኩል ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ አንድ ጠርሙስ ካያችሁ ግን ጠርጥሩ፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሌላው ቆሞ የሚጠብቅ ጸጉር ነው የሚፈልገው።

አሁን ወደ ወታደሩ እንመለስ። የተጠቀለለ ጸጉር በአጭሩ ሲቆረጥ ጫፉ ይሾላል፤ ሲያድግ ወደ ጎን ታጥፎ ቆዳውን መልሶ ይወጋል፣ ወይም ሳይወጣ ከሥር ይቀራል። ሰውነት እንደ እሾህ ያየዋል፤ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ጠባሳ ይተዋል። አንገታችን ላይ የሚወጣው ያ ጥቁር እብጠት ብጉር አይደለም፤ የራስ ጸጉር ነው። ከጥቁር ወንዶች ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ሊያጠቃ እንደሚችል የሕክምና ጽሑፎች ያነሣሉ።

ለብ ያለ ውሃና ጥሩ አረፋ እዚህም ይረዳል፤ ውሃ የጠገበ ጸጉር ሲቆረጥ ጫፉ እንደ ደረቁ ስለማይሾል ሐኪሞችም ይመክሩታል። ግን ጥቅልሉን አያቀናውም። እንዲያውም የመላጨት ኢንዱስትሪ ከ1971 ወዲህ፣ ጂሌት ባለ 2 ምላጩን ትራክ ቱ ካወጣ ጀምሮ፣ የሚፎካከረው ከቆዳ በታች ድረስ ጠልቆ በመቁረጥ ነው። ለቀጥ ያለ ጸጉር ይህ ጥራት ነው፤ ለተጠቀለለው በሽታውን መጥራት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የታወቀ የመላጫ ዱቄት አለ፤ ከውሃ ጋር ተለውሶ ጸጉሩን በኬሚካል ያሟሟዋል፣ ጫፉንም ስለሚያደነዝዘው የእውነት ለውጥ ያመጣል። ሽታው መጥፎ ነው፤ ትንሽ ከቆየ ቆዳውን ያቃጥላል፤ በየቀኑ የሚደረግ ነገርም አይደለም። በየማለዳው ተላጭቶ ለሰልፍ መቆም ላለበት ሰው መፍትሔ ነው ለማለት ይከብዳል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ይህንን አንዴ ሞክሮታል። በ1970 አድሚራል ዙምዋልት ጺም ፈቀዱ፤ መርከቦቹ አልሰጠሙም፤ በ1984 መጨረሻ መልሰው ከለከሉት። ጭንብሉን በተመለከተ ያለውን ሥጋት አልንቅም፤ ጋዝ ሲመጣ ቀልድ የለም። ነገር ግን ጭንብል የማያስገጥም ረጅም ጺምና 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የቀረ ጸጉር አንድ አይደሉም፤ እብጠቱን ለማዳን በብዙ ሰው ላይ የሚበቃው ደግሞ ያቺ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ናት። የእኛ ሰፈር ጸጉር ቤት ልጅ ቶንዶሱን ይዞ ሳይጠሩት የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ምላጭ አያስነካም፣ ቅባትም አይሸጥም። እሱ ላይ የሚጠየቀው ማሽኑን በደንብ አጽድቶታል ወይ የሚለው ነው።

መመሪያው የሰጠው ጊዜ 1 ዓመት ነው። ምላጭ ያቆመ ሰው እብጠቱ በሳምንታት ውስጥ መጥፋት ይጀምራል፤ ምላጩን ሲመልስ እብጠቱም ይመለሳል። በ12ኛው ወር ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ወታደር በመጀመሪያው ወር የነበረው ጸጉር ነው ያለው።