የፊንላንድ የሐይቅ ዳር ጎጆዎች

ፊንላንድ ከ180 ሺህ በላይ ሐይቆች አሏት። በሐይቆቹና በባሕሩ ዳርቻ ሕዝቡ «ሞኪ» የሚላቸው የበጋ ጎጆዎች ይገኛሉ። ቁጥራቸው ከ500 ሺህ ይበልጣል፤ 5.6 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ላላት አገር ይህ እጅግ ብዙ ነው።

ልማዱን የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዘመን የከተማ ባለጸጎች ነበሩ፤ በጋውን የሚያሳልፉባቸው ሰፋፊ ቤቶችን በውኃ ዳር ያሠሩ ነበር። ተራው ቤተሰብ የራሱን ጎጆ በብዛት የሠራው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ገበሬው ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ፈለሰ፣ ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ዕረፍት አገኘ፣ ቆየት ብሎም መኪና ገዛ። የትውልድ መንደሩ ናፍቆት ግን አልለቀቀውም።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያቆሙት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱን፣ ሳውናውን፣ ነበር። ዋናው ቤት እስኪያልቅ ቤተሰቡ እዚያው ያድር ነበር። መብራት አልነበረም፤ ውኃ በባልዲ ይቀዳ፣ እንጨት ይፈለጥ ነበር። ይህን እንደ ችግር ማየት ስህተት ነው፤ የጎጆው ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነውና። አባት ለልጁ መቅዘፍና መረብ መጣል ያስተምራል፤ ከሳውናው ግለት የወጣ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ጀንበር እምብዛም በማትጠልቅበት በሰኔው የዩሃኑስ በዓል ደግሞ በየዳርቻው ደመራ መሰል እሳት ይነዳል።

ዝነኛው አርክቴክት አልቫር አልቶ እንኳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በፓይያነ ሐይቅ ባለች ደሴት ላይ የራሱን የበጋ ቤት ሠርቷል፤ የጡብ አደራደር ስልቶችን የሞከረው በዚሁ ቤት ግድግዳዎች ላይ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ጎጆዎች መብራት ገብቶላቸዋል፤ ከወላጅ ወደ ልጅም በውርስ ይተላለፋሉ።