ዳጣ

ዳጣ ቃሪያን ከነጭ ሽንኩርትና ከቅመማ ቅመም ጋር በመፍጨት የሚዘጋጅ፣ የሚያቃጥል ማባያ ነው። በተለይ በደቡብ ኢትዮጵያ የተለመደ ሲሆን በሐዋሳ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር፣ በሌላ ቦታም ከጥሬ ሥጋና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። አረንጓዴም ቀይም ዳጣ አለ፤ ቀለሙን የሚወስነው የቃሪያው መብሰል ነው።

ቤት ውስጥ ሲሠራ ቃሪያው ታጥቦ ውኃው በደንብ ይንጠፈጠፋል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላ፣ ከጤና አዳምና ከጨው ጋር በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ድንብላል ወይም ኮረሪማ የሚጨምሩም አሉ። ጤና አዳም ግን በልኩ ነው፤ ከበዛ ይመራል። ብሌንደር ሥራውን ያቀላል፣ ሆኖም በወፍጮ የተፈጨው ሻካራነቱንና መዓዛውን የበለጠ ስለሚጠብቅ ድካሙ የሚያስቆጭ አይደለም።

ዳጣው ወዲያው ሊበላ ይችላል። ተከድኖ ጥቂት ቀን ሲቆይ ግን ላክቲክ አሲድ የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች የቃሪያውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ ደስ የሚለው ኮምጣጣነት የሚመጣው ከዚህ ነው። አሲዱና ጨው ተጋግዘው ከመበላሸት ይከላከሉታል።

የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። በብዛት የሚገኘው ብዙዎች እንደሚያስቡት በፍሬው ውስጥ ሳይሆን ፍሬው በተጣበቀበት ነጭ ሥጋ ላይ ነው። ማቃጠሉን መቀነስ የፈለገ ይህን ይፋቅ። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፣ በዘይት ግን ይሟሟል፤ ስለዚህ ቃሪያ የነካ እጅ በመጀመሪያ ዘይት ተቀብቶ፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠባል።